የቢሆን ኖሮ አውሮፕላን

አቧራ ሲሞቅ ሽታ አለው። ይህን የማያውቅ ሰው አሮጌ ኮምፒውተር አጠገብ አላደገም።

ባለፈው ለአረፋ ከሚሴ ገባሁና የአጎቴ ሚስት እትየ ፋጡማ ከዕቃ ቤት ብርድ ልብስ እንዳመጣ ላከችኝ። ብርድ ልብሱን ስስበው ከሥሩ ያ ሆደ ሰፊ ስክሪን ብቅ አለ። እኔ ደግሞ አርፎ መቀመጥ አልፈጠረብኝምና ጎትቼ አውጥቼ ሶኬት ላይ ሰካሁት። ምን አስቤ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ብርሃን የሚባል ነገር አልሰጠም፤ ጢዝ ብሎ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከጀርባው ቀዳዳዎች ያ የሞቀ አቧራ ሽታ ወጣ። እትየ ፋጡማ ከሳሎን ሆና «ምንድን ነው የሚቃጠለው?» ስትል፣ እኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

በዚያ ዓመት እናቴ ጂዳ ነበረች፤ ሰው ቤት ትሠራለች። የቤቱ ልጆች አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛላቸው አሮጌውን ለምና፣ በሰው በሰው አድርጋ፣ «ዘሀራ ትማርበት» ብላ ላከችው። በሩዝ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ አንድ ጥጉ ተሸርፎ ደረሰ። ተማርኩበት። እሷ ያሰበችውን ግን አይደለም።

እኔ የምኖረው ከታላቅ ወንድሟ ከአያ ሁሴን ጋር ነበር። አያ ሁሴን በዋናው መንገድ ዳር፣ ከመስጊዱ ወረድ ብሎ፣ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል። ከዚያ በፊት፣ በቀደመው ወታደራዊ መንግሥት ጊዜ፣ የጦር አውሮፕላን መካኒክ ነበር። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ግን ሲያወራው ሰምቼ አላውቅም። ነገሩ ስለ ምንም አያወራም። ደንበኛ «ሬዲዮኔ ምን ሆነ?» ሲለው «ታመመ» ይላል፤ ሲሠራለት ደግሞ «ዳነ» ይላል፤ አበቃ። እትየ ፋጡማ «ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ግድግዳ?» እያለች ትስቅበታለች። እሱም ይስቃል፣ ድምፅ ሳያወጣ።

ኮምፒውተሩን ሱቅ ውስጥ አስቀመጠው፤ የቤቱ የመብራት መስመር አይችለውም ብሎ። ከፍተን ስናየው የጂዳዎቹ ልጆች ምንም አላጠፉም። ፎቷቸው፣ የቤት ሥራቸው፣ ዘፈናቸው ሁሉ አለ። ከመሃል አንዲት የአውሮፕላን ምልክት ነበረች። ነካኋት።

አጎቴን ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ብል ማጋነን አይሆንም። ስክሪኑ ላይ የፓይለቱ መቀመጫ ወጣ፤ ፊት ለፊት ደግሞ ያ ሁሉ ክብ ክብ መቆጣጠሪያ። አያ ሁሴን በእጁ የያዘውን ሬዲዮ አስቀመጠ። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ።

«ይኼ ከፍታ ነው» አለ። «ይኼ የዘይት ግፊት። ይኼ ደግሞ የነዳጅ ነው፤ ውሸታም ነው፣ አትመኚው።»

በዚያች አንድ ሰዓት ዓመት ሙሉ ከሰማሁት የበለጠ አወራ።

ተኩሰህ ብቻ የምታልፈው ጨዋታ አልነበረም። ሞተሩን በወጉ ማስነሳት አለብህ፤ ነፋሱን፣ ክብደቱን ማወቅ አለብህ፤ አለበለዚያ አፍንጫህን መሬት ላይ ትተክላለህ። በመጀመሪያው ሳምንት የሰበርኩትን አውሮፕላን አላህ ይቁጠረው። አያ ሁሴን «ጠላት ለምን ይደክማል፣ አንቺ እያለሽ» ይለኛል። ኪቦርዱ አልመች ቢለኝ ከሁለት የሞቱ ሬዲዮኖች ቮልዩማቸውን ነቅሎ፣ ከወይራ እጀታ ጠርቦ፣ መሪ ሠራልኝ። አንዱ ቮልዩም ወደ ግራና ቀኝ፣ ሌላው ወደ ላይና ታች። ስንት ዓመት ዜና ሲያስጮህ የኖረ ቮልዩም አውሮፕላን ማዘንበል ጀመረ።

ጨዋታው ውስጥ አንድ ክፍል ነበር። እዚያ ያሉት አውሮፕላኖች በሕይወት ኖረው አያውቁም። መሐንዲሶች ወረቀት ላይ ስለዋቸው ወይ ጦርነቱ አለቀ፣ ወይ ብረቱ አለቀ፣ ወይ መንግሥቱ ተገለበጠ። አንዳንዶቹ ክንፋቸው ወደፊት የዞረ፣ አንዳንዶቹ ጭራ የሌላቸው። አያ ሁሴን እንግሊዝኛውን እያነበበ ሲተረጉምልኝ ቆየና «እነዚህ እንኳ የቢሆን ኖሮ ናቸው» አለ። የራስህን መሥራትም ይቻላል። ክብደቱ፣ ነዳጁ፣ ጉልበቱ ሁሉ በቁጥር ተጽፎ ተቀምጧል፤ ቁጥሩን ስትለውጠው አውሮፕላኑ ይለወጣል።

እኔማ ወዲያው ጀመርኩ። መቶ መትረየስ፣ ስድስት ሞተር፣ የማያልቅ ነዳጅ። ሜዳው ላይ ተጎልቶ ንቅንቅ አልል አለ።

«ዘሀራ፣ ቢሆን ኖሮ ማለት መዋሸት ማለት አይደለም» አለኝ አያ ሁሴን። ነዳጅ ስጨምር ክብደት እንደምጨምር፣ ክብደት ስጨምር ረጅም ሜዳ እንደሚያስፈልገኝ አስረዳኝ። ከዚያ ደግሞ ጥያቄ አመጣ፦ ይህን አውሮፕላን የት ሠራሽው? ብረቱን ማን አቀለጠው? ማን ይጠግነዋል? ለምን ተሠራ? መልስ ከሌለው አይነሳም አለ። እንዲህ ያለ አስተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ስለዚህ ታሪክ ፈጠርንለት። በእኛ ታሪክ ያ ሁሉ የእርስ በርስ ጦርነት አልነበረም። ሰዎቹ አንድ ቀን ቁጭ ብለው ተነጋግረው ተስማሙ፤ ብረቱ ተረፈ። ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ ተከፈተ፤ አውሮፕላኑም እዚያ ተሠራ። የሚያርፈው ከከተማችን በታች ባለው በጨፋ ሜዳ ላይ ነው፤ ዋልካው፣ ያ ጥቁር ጭቃ፣ እንዳይውጠው ጎማው ሰፊ ሆነ። ስሙም «ጨፋ አንድ»። እስከዚህ ተስማማን። ግን ተዋጊ ነው፣ ማንን ይዋጋል? አያ ሁሴን እዚህ ላይ ተቸገረ። ጠላት መጥራት አልፈለገም።

መልሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት ጥቅምት ግሪሳ የጨፋን ማሽላ ወርሮ ነበር። ቅዳሜና እሑድ የእትየ ፋጡማ ወንድም ማሳ ላይ፣ ማማ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮ እየደበደብኩ ስጮህ እውላለሁ። ጉሮሮዬ ይዘጋል፤ ወፉ አይሰማኝም፤ እንደ ደመና ተነስቶ ሌላ ጥግ ላይ ይሰፍራል። አመሻሽ ላይ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን መጥታ ዝቅ ብላ ስታልፍ ያየኋት ለት ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር።

«ግሪሳን ነው የሚዋጋው» አልኩት።

አያ ሁሴን ያኔ ድምፅ አውጥቶ ሳቀ። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው እንኳ ቆም ብሎ ተመለከተን።

መትረየሱን አወጣን። በቦታው ተጨማሪ ነዳጅ ገባ። ስለ ነዳጅ ሲሆን አያ ሁሴን አይጠግብም፤ እዚህ አሥር ኪሎ ይቀንሳል፣ እዚያ ነዳጅ ይጨምራል፤ «እንዲመለስ ነው» ይላል። ሁለተኛ ወንበርም አስገባ። መካኒኩም አብሮ መብረር አለበት፣ መሬት ቀርቶ ሰማይ የሚያይበት ምክንያት የለም አለ። እኔ በሆዴ ያቺ ወንበር የማን እንደሆነች አውቄያለሁ፤ ጂዳ ሄዶ እናቴን ለማምጣት ካልሆነ ባለ ሁለት ወንበር የጦር አውሮፕላን ምን ያደርጋል? አልነገርኩትም። እሱም የእሱን አልነገረኝም።

ቀለሙ የእኔ ሥራ ነበር። የአውሮፕላኑ ገላ በሥዕል መልክ ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ እንደ ተወጠረ የበግ ቆዳ፤ እሱን ትቀባና ሲታጠፍ አውሮፕላን ይሆናል። ሆዱን የማሽላ አገዳ ቀለም ቀባሁት። አያ ሁሴን ከመስኮቱ ሥር የፓይለት ስም እንደሚጻፍ ሲነግረኝ የማንን ልጻፍ አልኩት።

ሳያስብ «ጀማል» አለ።

በማውሱ ፊደል በፊደል ጻፍኩት። በግራ በኩል ጥሩ ወጣ፤ በቀኝ በኩል ግን የግራው ግልባጭ ሆኖ በመስታወት እንደሚታይ ተገለባብጦ ወጣ። እንዴት እንደማስተካክለው አላወቅኩም። አያ ሁሴን ተይው፣ ግራው ይበቃዋል አለኝ።

አሁን ስለ አፉ ልናገር። እኛ አገር ሰው መንገድ ሲነሳ፣ ሲታመም፣ ለአረፋ ሲገናኝ «አፉ በለኝ» ይባባላል። ያወቅኩትንም ያላወቅኩትንም በደል ይቅር በለኝ ማለት ነው። የተጠየቀውም «አፉ ብያለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ» ይላል። ሰው አፉ ሳይባል መንገድ አይሄድም። አያ ሁሴን ታዲያ ጨፋ አንድ ሊነሳ ሲል፣ ዘይቱን፣ ነዳጁን፣ ክንፉን ካስፈተሸኝ በኋላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «አፉ ብዬሃለሁ» ይላል። በየቀኑ፣ በየበረራው። እኔ ከሞተር ማስነሻው ሥርዓት አንዱ ነው ብዬ አምኜ ነበር። አንድ ቀን ደንበኛ ይዞት ሳይል ሲቀር አውሮፕላኑን ሳላስነሳ አቆየሁት። ሰውየው እስኪሄድ ጠበቅኩ፤ ከዚያ «አያ፣ አፉ አላልክም» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ አፉ አለውና ተነሳን።

የነገረኝ መብራት በፈረቃ የጠፋ ለት ከሰዓት በኋላ ነው። ስክሪኑ ጠቁሯል፤ ሁለታችንም ወንበራችን ላይ ነን። ጀማል ማን ነው አልኩት። የሰንበቴ ከተማ ልጅ እንደነበር፣ ፓይለት እንደነበር፣ የጀማልን አውሮፕላን የሚያዘጋጀው አያ ሁሴን ራሱ እንደነበር ነገረኝ። አገራቸው አንድ ስለሆነ ከመነሳቱ በፊት ሁልጊዜ አፉ ይባባሉ ነበር። አንድ ለት ማታ ዳማ ሲጫወቱ አያ ሁሴን ሻይ ሊያመጣ ቢነሳ ጀማል ጠጠር አንቀሳቀሰበት። በዚህ ተጣሉ። በዳማ! አያ ሁሴን እስኪነጋ አልበረደለትም። ጠዋት ጀማልን መቀመጫው ላይ ሲያስረው ልጁ ሳቅ ብሎ «ሁሴን፣ አፉ በለኝ» አለው።

«ሞተሩ ይጮህ ነበር» አለኝ አያ ሁሴን። «እንዳልሰማ ሆኜ መሰላሉን ወረድኩ። ሰምቼዋለሁ ግን፣ ዘሀራ። ደህና አድርጌ ሰምቼዋለሁ።»

ጀማል አልተመለሰም። እናቱ እማየ ሃሊማ ሰንበቴ አሉ፤ ከከሚሴ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አያ ሁሴን ያን ሁሉ ዓመት ሄዶ አልጠየቃቸውም። ለምን ስለው፣ የልጃቸውን የመጨረሻ ቃል ይጠይቁኛል አለ። ቃሉ ደግሞ ያ ነው። ምን ብሎ ይነግራቸዋል?

በልጅ አእምሮዬ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። አፉ እንደ ነዳጅ ነው፤ ጀማል ሳይሞላለት ተነሳ፤ ስለዚህ አልደረሰም። አሁን ግን ስሙን ጽፈንለታል፤ በየቀኑም እየሞላንለት ነው። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይደርሳል። ይህን በሙሉ ልቤ ነው ያመንኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማረፊያው ላይ አንድም አውሮፕላን እንዳልሰብር ተጠነቀቅኩ።

አንድ ሌላ ነገርም ያን ጊዜ ገባኝ። የእርድ ፍየል መግዛት የወንድ ሥራ ነው፤ በየዓመቱ ለአረፋ ሰንበቴ ገበያ ወርዳ ፍየል የምትገዛው ግን እትየ ፋጡማ ነበረች። ጎረቤት ይስቃል። አያ ሁሴን የሰንበቴ አቧራ አይስማማኝም ይላል፤ የከሚሴ አቧራ እንዴት እንደተስማማው ማንም አልጠየቀውም። እትየ ፋጡማ ደግሞ ከፍየሉ ጋር ሁልጊዜ አዲስ ገመድ ይዛ ትመለሳለች። ቤታችን ውስጥ አንድ ፍየል አሥር ጊዜ የሚያስር ገመድ ነበር።

በዚያ ዓመት ተከትያት ወረድኩ። እሑድ ነው፤ ሰንበቴ ሰውና ከብት ተደባልቋል። አፋሮች ግመልና ፍየል ይዘው ከቆላ ወጥተዋል፤ የደጋው ነጋዴ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይከራከራል። እትየ ፋጡማ የፍየሉን ጥርስ አይታ፣ ወገቡን ጨብጣ፣ ሁለት ጊዜ ጥላ ሄዳ፣ ሦስተኛው ላይ ገዛች። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ከብት ገበያው በር ሄደች። እዚያ አንዲት ቀጭን አሮጊት ገመድ ዘርግተው ተቀምጠዋል። እትየ ፋጡማ ጎንበስ ብላ ሰላም አለች፤ ስሟን አልተናገረችም፤ ገመድ መምረጥ ያዘች። አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት «የጀማል እናት፣ ቀጭኗን ስጫት እንጂ» አለች።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። እውነት ነው፤ እስከ ዛሬ አልታሸልኝም።

«የፓይለቱ ጀማል?» አልኩ። «እኔ እኮ በየቀኑ የሱን አውሮፕላን ነው የምነዳው። አያ ሁሴን አፉ ብሎታል።»

እትየ ፋጡማ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ ሳምንት ቆይቷል። እማየ ሃሊማ ገመዱን እንደያዙ ቀሩ። እኔን አላዩኝም፤ እሷን ነው ያዩት።

«የመካኒኩ የሁሴን ባለቤት ነሽ?» አሏት።

እትየ ፋጡማ ራሷን ነቀነቀች።

«ይኼን ሁሉ ዓመት ገመዴን የምትገዢኝ ለዚህ ነው?»

እትየ ፋጡማ እንባዋን በሻሿ ጠረገች። አሮጊቷ ተነስተው ፍየሉን በገዛ እጃቸው አሰሩልን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ሱቁ የት ጋ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከመስጊዱ ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊ በር አልኳቸው። አፌን ማን ይዝጋው?

በሚኒባስ ስንመለስ እትየ ፋጡማ አልተቆጣችኝም። ለአጎትሽ እንዳትነግሪ፣ ሆድ ይፍጀው፣ ከመጡም አላህ ያውቃል አለችኝ። ሆዴ ግን አልፈጀውም፤ እሱ ነው የፈጀኝ። ሱቅ ስቀመጥ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር እደነግጣለሁ። አያ ሁሴን አሞሻል እንዴ ይለኛል። ሁለት ጊዜ አውሮፕላን ሰበርኩ። ሰውየው የሸሸውን ነገር እጁን ይዤ ቤቱ አስገባሁበት እያልኩ አለቅስ ነበር፣ ብቻዬን ስሆን።

አረፋ ዋለ። ታረደ፣ ተበላ፣ ዘመድ ተጠያየቀ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሱቁ በር ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና ስል እሳቸው ናቸው።

አያ ሁሴን ሬዲዮ እየበየደ ነበር። አየና ቆመ። አይቷቸው አያውቅም፤ ግን ወዲያው አወቃቸው። የጀማል ፊት ነው ያላቸው ብሎ በኋላ ነገረኝ፤ ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ ልክ እሱ።

«አካም ጅርታ፣ ሁሴን?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቱን ጠየቁት።

«አልሐምዱሊላህ» አለ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እሱ አልተቀመጠም። ስለ ቤት፣ ስለ ከብት፣ ስለ ማሽላው ተጠያየቁ፤ ግሪሳ እነሱም ዘንድ ደርሶ ነበር። እኔ መሪዬን ይዤ ጀርባዬን ለሁለቱም ሰጥቻለሁ፤ ጆሮዬ ግን እነሱ ዘንድ ነው።

«ለወቀሳ አልመጣሁም» አሉ እማየ ሃሊማ። «የምጠይቅህ ነገር ስላለኝ ነው። መጥተህ ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅህ ኖርኩ።»

ጀማል ለመጨረሻ ጊዜ ቤት የመጣ ጊዜ እሳቸው ሚስት አጭተውለት ነበር፤ እሱ እምቢ አለ። ተቀየሙት። ሊሄድ ሲል በር ላይ ቆሞ አፉ በይኝ አላቸው፤ ወደ ግድግዳው ዞሩበት። በሚመጣው ጊዜ እለዋለሁ ብለው። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ብዙ ጊዜ ለራሳቸው ያወሩት ነገር መሆኑ ያስታውቃል።

«እኔ ነፍጌው ሄደ» አሉ። «ያን ለት ጠዋት አፉ ያለው ሰው ነበር? አንዳንድ ሌሊት ሁሴን ብሎታል እላለሁ፣ ጓደኛው ነው፣ ሳይለው አይቀርም እላለሁ። ይኼን ብቻ ንገረኝ።»

አያ ሁሴን መበየጃውን አስቀምጦ መልሶ አነሳው። እኔ ደግሞ አርፌ ልቀመጥ? ዞሬ «ብሎታል» አልኩ። «በየቀኑ ይለዋል። እኔ ራሴ ሰምቻለሁ፣ ወላሂ።»

እማየ ሃሊማ ፊት ላይ የበራውን ነገር አልረሳውም። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ትከሻቸው ወረደ። አጎቴ ያኔ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። እሳቸው ደስ ብሏቸው ወደ ሰንበቴ ይመለሳሉ፤ ከእሱ፣ ከእኔና ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም። ሳስበው እስከ አሁን ይገርመኛል፤ እኔ ብሆን ዝም ነበር የምለው።

«አይደለም፣ እማየ» አለ። «ልጅ ናት፤ የምትለው የአሁኑን ነው። ያን ለት ጠይቆኛል። እኔም ነፍጌዋለሁ።»

ከውጭ ከባድ መኪና አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሊጮሁበት ነው ብዬ ጠበቅኩ። ሊረግሙት ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ የአሮጊት እርግማን ደግሞ ያስፈራኝ ነበር።

«አንተም?» አሉት፣ ቀስ ብለው።

«እኔም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ይኼ «በየቀኑ» የምትዪው ምንድን ነው አሉኝ። ስክሪኑን አሳየኋቸው። ይህ ጨፋ አንድ ነው፣ ይህ ሜዳው ነው፣ አልኩ። ማንበብ አይችሉም፤ ጣቴን ከመስኮቱ ሥር አድርጌ ይኼው ጀማል ይላል አልኳቸው። ሳይነሳ በፊት ነው የሚባለው፤ ከተነሳ በኋላ አይሰማም ብዬም አስጠነቀቅኳቸው።

«አስነሺልኝ» አሉ።

ሞተሩን አስነሳሁ። ዘይቱን፣ ነዳጁን አየሁ። ሙሉ ነው። እማየ ሃሊማ የት ዞረው እንደሚናገሩ አላወቁም፤ መጨረሻ ላይ መዳፋቸውን በሞቀው ስክሪን ጎን ላይ አሳረፉ።

«ጀማል» አሉ። «እናትህ ነኝ። አፉ ብዬሃለሁ። ልጄ፣ አፉ ብዬሃለሁ። አንተም አፉ በለኝ።»

ጉልበት ሰጠሁት። ሜዳው ሮጠ፤ ጎማው መሬት ለቀቀ፤ ተነሳ። ከኋላዬ እማየ ሃሊማ ከስክሪኑ ዞር ሲሉ የቀሚሳቸውን ድምፅ ሰማሁ።

«አንተንስ፣ ሁሴን?» አሉት። «አንተን ማን አፉ አለህ?»

አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ አጎቴ ተቀመጠ ማለት ነው። ቀጥሎ ከዚያ ዝምተኛ ሰውዬ ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ ወጣ።

«እኔ ብዬሃለሁ» አሉት። «ስለሱም፣ ስለ ራሴም። በል እንግዲህ፣ አንተም በለኝ።»

ዞሬ ማየት ፈልጌ ነበር። ግን ነዳጁ ሙሉ ነው፣ አውሮፕላኑ ከባድ ነው፤ መሪውን ለአንድ አፍታ ብለቀው ወደ ግራ ይወድቃል። በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ዓይኔን ከሰማዩ ሳልነቅል፣ ሁለቱም አልቅሰው እስኪወጣላቸው ድረስ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት።